ያላገባሁ መሆኔ የተመሰከረበት ሳምንት

ባለፈው ሳምንት ለዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ስሄድ ከእያንዳንዱ ሰነድ ሦስት ሦስት ኮፒ ይዤ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመቴ አንደኛ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ ስህተት እንዳይገኝብኝ እፈራለሁ። መዝጋቢዋ ግን ፎርሙን ገልብጣ አየችና፣ "እህቴ ሰሚራ፣ የትዳር ሁኔታ የሚለውን ዘለሽው" አለችኝ። ረስቼው አልነበረም። ሀርጌሳ ውስጥ ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቅኩ ዕለት የመለስኩት መልስ ትዝ ብሎኝ እጄ ቆሞ ነው።

ከድሬዳዋ ስመጣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር አንድ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ አገኘሁ፤ ላላገባች ሴት ቤት የሚያከራይ ግን ጠፋ። በመጨረሻ ኮድቡር የሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ የኤዶ ካድራን በር አንኳኳሁ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራቸዋል። ጂግጂጋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል።

"ባል አለሽ?"

"አለኝ፤ ድሬዳዋ ነው።"

"ማን ይባላል?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። "ጀማል" አልኩ። ጀማል ታላቅ ወንድሜ ነው። ክፍሉን አከራዩኝ።

ሰው ማስደሰት ስወድ ልክ የለኝም። መልኩን ማየት እንደሚፈልጉ ስለገባኝ ከረባት ያሰረበትን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ኤዶ ካድራ ወደዱት። ረመዳን በገባ ቁጥር አንድ ሣህን ቴምር እየሞሉ "ለጀማል ላኪለት" ይሉኛል። ጣት ላይ የሚጣበቅ፣ ማር የመሰለ ቴምር ነበር። አንዱም ድሬዳዋ አልደረሰም።

በሦስተኛው ዓመት ሙስጠፋ መጣ፤ ከስፌት ቤታችን ጎን መድኃኒት ቤት የሚሠራ የሀርጌሳ ልጅ። ጋአን ሊባህ ስውል ላጤ፣ ኮድቡር ስገባ ባለትዳር ሆኜ ከረምኩ። ለመጋባት ስንወስን፣ እኔ ኢትዮጵያዊት እሱ የሌላ አገር ሰው ስለሆንን፣ የጋብቻ ምዝገባ ቢሮው ያላገባ ማስረጃ ጠየቀኝ። ማስረጃው ሦስት ምስክር ይፈልጋል፤ አንዱ የግድ የቤት አከራይ መሆን አለበት። ኒካሁ፣ ማለትም የጋብቻ ውሉ፣ ዓርብ ነው። አባታችን በሕይወት ስለሌለ የሚድረኝ ጀማል ነው፤ እሱም ከሥራው ያገኘው ፈቃድ አንድ ሳምንት ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኤዶ ካድራ ላሆህ የሚባለውን የሶማሌ እንጀራ በሰሊጥ ዘይት እየበሉ ሳለ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ኤዶ፣ ጀማል ፈታኝ።"

እጃቸው አፋቸው ሳይደርስ ቀረ። "መቼ?"

"ባለፈው ሳምንት።" ከዚያ በፊት ነው እንዳልል፣ ረመዳን ካለቀ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም፤ ቴምሩንም ለባሌ ብዬ ተቀብያለሁ።

"ያ ባለጌ! አይዞሽ ልጄ፣ ዒዳሽን ጨርሺ እንጂ እኔው ራሴ እድርሻለሁ።"

ዒዳ የተፈታች ሴት ሌላ ከማግባቷ በፊት የምትጠብቀው ጊዜ ነው፤ ሦስት ወር ገደማ። ዓርብ ሊደርስ የቀረው አራት ቀን ነው። ስለ ምስክርነቱ ሳላነሳ ተነስቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀማልን ልቀበል መናኸሪያ ሄድኩ። እሱ ግን ቀድሞ ደርሶ፣ ባጃጅ ይዞ አድራሻዬን እየጠየቀ ኮድቡር ገብቷል። በአቧራው ውስጥ እየሮጥኩ ስመለስ በሩ ላይ አንድ ካርቶን ማንጎ ታቅፎ ቆሟል፤ ኤዶ ካድራ ወገባቸውን ይዘዋል።

"ምን ልትሠራ መጣህ?"

"ሰሚራን ልድር ነዋ!"

"ያ አላህ! ባለፈው ሳምንት ፈትተህ ዛሬ ልትድራት?"

"ማንን ነው የፈታሁት?"

"ሚስትህን!"

"ሚስቴ ድሬዳዋ ናት፣ እናቴ። ሦስት ልጅ ወልዳልኛለች።"

"ጭራሽ ሌላም አለችህ!"

መሀላቸው ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ኤዶ ካድራ ጀማልን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ቴምሩስ?"

"የምን ቴምር?"

ወደ እኔ ዞሩ። "በላሁት" አልኩ።

"የሦስት ረመዳኑን?"

"የሦስቱንም።"

ገብተው በራቸውን ዘጉ። ሠርጌ አብሮ የተዘጋ መሰለኝ። ጀማል ከካርቶኑ አንድ ማንጎ አውጥቶ ላጠልኝ።

በማግስቱ ጠዋት የዒድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ መታወቂያቸውን ይዘው ወጡ። "ተነሺ! ቢሮው እስኪዘጋ ነው የምትጠብቂው?" አሉኝ። መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊቴ ተራመዱ።

ቢሮው ውስጥ ጸሐፊው፣ "ያላገባች መሆኗን በምን ያውቃሉ?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ልጄ፣ ሦስት ዓመት ደጄ ላይ ተቀምጬ ጠብቄያታለሁ። ሌላ ወንድ ቀርቶ ባሏ እንኳ ደጃፏን ረግጦ አያውቅም።"

ጸሐፊው ብዕሩን አቆመ። "የማን ባል?"

"የሌላት ባል ነዋ!" አሉና ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። "ጻፍ!"

ጻፈ። ማህተሙም አረፈ።

መዝጋቢዋ ፊት "ያገባች" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ የጋብቻ ወረቀቴን ከነኮፒዎቹ ዘረጋሁላት። አንዱን ብቻ ወሰደች። ያኔ የዋሸሁት ቤት ላገኝና ኤዶ ካድራን ላስደስት ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ከተዋሹ በኋላም ደጄ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። ያንን ውለታ በምን ወረቀት እንደማረጋግጥ እስካሁን አላወቅኩም።

አሁንም ረመዳን ሲገባ ሁለት ሣህን ይልኩልኛል፤ አንዱ ለእኔና ለሙስጠፋ፣ አንዱ ለጀማል። የጀማልን ድሬዳዋ ለሚሄድ ሰው እሰጣለሁ። ከሳምንት በኋላ ኤዶ ካድራ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ "ማስረጃ!" ጀማል ሣህኑን ታቅፎ የተነሳውን ፎቶ በስልኬ አሳያቸዋለሁ። መነጽራቸውን አድርገው ቴምሩን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ።