ለቤት የሚሆን ሞተር

ጋሽ ፍሬን ይህን ስም ያገኘው በሥራው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ፣ መንገድ ላይ ድመት ብቅ ካለች፣ ኳስ ከተንከባለለች፣ አንዳንዴም ነፋስ ያነሳው ፌስታል ከፊቱ ካለፈ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። ቆመው የሚሄዱት ተሳፋሪዎች ሳይወዱ በግድ ይተቃቀፋሉ። በሰፈራችን በእሱ አውቶቡስ ውስጥ ተዋውቀው የተጋቡ ሰዎች እንዳሉ ይወራል፤ እሱም አያስተባብልም። "ሰው ገጭቼ አላውቅም፤ ካጋባሁ ደግሞ እሰየው" ይላል።

ጡረታ እንደወጣ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረገ። ሞተሩ ወጥቶ ከመናኸሪያው ጥግ ሣር የበቀለበትን አንድ ረጅም አውቶቡስ ገዛና አስጎትቶ አምጥቶ ከቤቱ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አቆመው። ወንበሮቹን ነቅሎ ውስጡን ቤት ያደርገው ጀመር፤ መኝታ፣ ማብሰያ፣ መታጠቢያ፣ መጋረጃ ሳይቀር። ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀ። ምክንያቱን ሲሰማ ግን ሳቁን ቀነስ አደረገው።

ምክንያቱ ሚስቱ ነበረች። እትዬ ጓዝ እንላታለን። ከራሷ አልጋ ሌላ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ከራሷ ኩባያ ሌላ ሻይ አይጥማትም። ጎረቤት ልትጠይቅ ስትሄድ እንኳን የምትደገፍበትን ትራስ በብብቷ ይዛ ነው። ከተራራው ማዶ ባለው ከተማ ደግሞ ታላቅ እህቷ አሉ፤ እሳቸውም ያው ናቸው፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸዋ። በስልክ "አንቺ ነይ"፣ "አይ፣ አንቺ ነይ" ሲባባሉ የሁለቱም ፀጉር ሸበተ። በዚያው ሰሞን ግን ታላቂቱ ደውለው፣ "ዓይኔ እየደከመ ነው። ሳላይሽ እንዳይጨልምብኝ" አሏት።

እትዬ ጓዝ ስልኩን ዘግታ ስታለቅስ ዋለች።

"ታዲያ ሂጂያ!" አላት ባሏ።

"አልጋዬስ?"

ጋሽ ፍሬን አልጋውን አየው። ባለ ብረት፣ ባለ አራት ጉልላት፣ ሦስት ሰው ተጋግዞ የማያነሳው አልጋ ነው። "እንግዲህ አልጋሽም ይሄዳል" አለ። አውቶቡሱ የተገዛው ለዚህ ነበር።

ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ሞተር ብቻ ቀረው። ጋሽ ፍሬን ወደ ዶክተር ሄደ። ዶክተር የመናኸሪያው የድሮ መካኒክ ነው፤ ሞተር ላይ ጆሮውን ለጥፎ ዓይኑን ስለሚጨፍን ነው እንዲህ የተባለው። ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሞተሮች ነበሩት። አንዱ ከመካከለኛ የጭነት መኪና የወጣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ። ሌላው ከተሳቢ መኪና የወጣ ባለ ስድስት፣ ጥቁር፣ ግራሶ የለበሰ፣ ሲያዩት የሚያኮርፍ የሚመስል።

"ጎበዙ የቱ ነው?" አለ ጋሽ ፍሬን።

"ለምን ሥራ? ቤትህ ስንት ኪሎ ነው?"

"ቤት በኪሎ ይለካል እንዴ?"

"ተራራ ልውጣ ያለ ቤት ይለካል። ስማኝ፣ ፍጥነቱን እርሳው። የምትፈልገው በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያለ፣ ሳይግልና ሳያቃስት የሚጎትት ነው። ትንሹ እስከ ስምንት ቶን ያን ዳገት ያወጣልሃል። ከዚያ ካለፈ ትልቁን ውሰድ።"

"ትልቁ ነዳጅ ይጠጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"አይጠጣም። ይታጠብበታል።"

ስለዚህ ቤቱ ይመዘን ተባለ። ከከተማው ዳር ባለው የእህል መጋዘን መኪና ከነጭነቱ የሚመዝን ትልቅ ሚዛን አለ። እትዬ ጓዝ ይህን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ቤቴን? ሚዛን ላይ? ያ ሁሉ ወዛደር እያየው?"

በሚዛኑ ቀን ጋሽ ፍሬንና ዶክተር ጎታች መኪና ሊያመጡ በጠዋት ወጡ። ሲመለሱ እትዬ ጓዝ የአውቶቡሱን በር ቆልፋ፣ መጋረጃውን ዘግታ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጠበቀቻቸው።

"እስቲ ውስጡን አንዴ ልየው" አለ ባሏ።

"ወለሉን ወልውዬዋለሁ፤ አልደረቀም። በዚያ ጫማህ እንዳትገባ!"

አልገባም። ሚስቱን ተጋፍቶ አያውቅም። ቤቱ ተጎትቶ ሄደ፤ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ባለሚዛኑም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ተናገረ። ዶክተር የሚገጠመውን ሞተር ክብደት በአእምሮው ደመረና ጭንቅላቱን አከከ።

"ስምንት አይሞላም። ቀለለኝ እኮ! ያን የመሰለ አልጋ፣ ያን የመሰለ ብፌ አለው አላልከኝም?"

"ሚዛን ይዋሻል?"

"ሚዛንስ አይዋሽም።"

"እንግዲያው ያቺን የምታብረቀርቀዋን ግጠምልኝ" አለ ጋሽ ፍሬን፤ ፊቱ በደስታ በርቶ።

ዶክተር ሞተሩን እዚያው ባዶ ቦታው ድረስ አምጥቶ ገጠመው። የጉዞው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። "ጋሼ፣ ፖስታ ከመጣ የት ሄደ እንበል?" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "የቤት ቁጥሩን ይዘውት ነው የሚሄዱት?" አለ ልብስ ሰፊው። "ፍሬን የረገጠ እንደሆነ ብፌው ያቅፍሻል፣ እትዬ!" አለች አንዷ ጎረቤት። እትዬ ጓዝ ከመስኮቷ እንደ ሙሽራ እጇን አወዛወዘች።

ሜዳው ላይ ሞተሩ እንደ ንብ እያዜመ ሄደ። ጋሽ ፍሬንም አብሮት አዜመ። ዳገቱ ሲጀምር መጀመሪያ ሞተሩ ዜማውን ተወ፤ ቀጥሎ ጋሽ ፍሬን ተወ። ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ ማርሽ። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ። አሸዋ የጫነ አህያ በጎናቸው አልፎ ሄደ፤ የሚነዳውም ሰው ዞር ብሎ "ላግዛችሁ እንዴ?" አለ። ከመጀመሪያው መታጠፊያ ሳይደርሱ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ጠፋ። ጋሽ ፍሬን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍሬኑ በቂ ምክንያት አገኘ።

ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገና ኮፈኑን ከፈተ። እንፋሎት ፊቱን አጠበው። ለዶክተር ደውሎ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

"ምን ጭነህ ነው?" አለ ዶክተር።

"ቤቴን ነዋ! በሚዛኑ ቀን ከነበረው አንዲት ማንኪያ አልጨመርንም!"

እትዬ ጓዝ ከበሩ ላይ ብቅ አለች። "የዚያን ቀንማ ምን ነበረበትና?"

ጋሽ ፍሬን ቀስ ብሎ ዞረ። "ምን ማለት ነው?"

"ሰው ሊያየው አይደል የሄደው? አቧራው እንዲወጣ ብዬ ዕቃውን በሙሉ ጓሮ አወጣሁት። አልጋውን፣ ብፌውን፣ የስፌት መኪናውን፣ በርሜሎቹን፣ ሳጥኖቼን። የጎረቤት ጎረምሶች ወገባቸው እስኪቀነጠስ አግዘውኛል። አንተ ሞተር ልታይ ስትሄድ ደግሞ መለስነው።"

"ባዶ ቤት አስመዘንሽኝ?"

"የሚመዘነው መኪናው መስሎኝ! ቤቱ ምን አገባው?"

ከስልኩ ውስጥ የዶክተር ሳቅ ተሰማ። "ቀለለኝ ብዬ ነበር እኮ! ብዬ ነበር!"

ጋሽ ፍሬን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሲረጋጋ፣ "ብፌውንና ሳጥኖቹን እዚህ እናውርዳቸውና እንሞክር" አለ። "እኔንም አብረህ አውርደኝ" አለች እትዬ ጓዝ። ሌላ መንገድ ስላልነበረ አውቶቡሱን እያቆመ እየለቀቀ፣ የኋሊት ወደ ታች አወረደው። ዳገቱ ሥር፣ ከድንጋይ መፍጫው አጠገብ ሜዳ ላይ ቆሙ። ጋሽ ፍሬን ተራራውን ቀና ብሎ አየውና "ወደ ቤት እንመለስ" አለ፤ ቤቱ ውስጥ ሆኖ።

እትዬ ጓዝ ለእህቷ ደወለች። "እታለም፣ አልቻልንም። ከተራራው ሥር፣ ድንጋይ መፍጫው ጋ ቀረን" አለች። እህቷ ምንም ሳይመልሱ ስልኩ ተዘጋ። እትዬ ጓዝ ያ ስልክ የመጨረሻው መሰላት። በራሷ አልጋ ላይ፣ በራሷ ትራስ ላይ ተኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተመቻትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ የጭነት መኪና ከተራራው ወርዶ አጠገባቸው ቆመ። ጭነቱ ላይ ፍራሽ በገመድ ታስሯል። ከጋቢናው አንዲት አዛውንት ትራስ አቅፈው፣ በእግራቸው መሬቱን እየዳበሱ ወረዱ።

"አንቺ ካልወጣሽ እኔ ልውረድ አልኩ" አሉ። "ፍራሼን ግን ይዣለሁ፤ የሰው ፍራሽ ጎኔን ይወጋኛል።"

እትዬ ጓዝ ትራሷን ጥላ ሮጠች። ታላቂቱ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ከአፍንጫቸው ሥር አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ወፍረሻል።"

"የመጣሽው ልታዪኝ ነው ልትመዝኚኝ? አንቺም እንደ ዶክተር?"

ሳቁ፤ ከዚያም አለቀሱ፤ ከዚያም በየትኛው ትራስ እንደሚቀመጡ ተከራከሩ። ጋሽ ፍሬን ፍራሹን ትከሻው ላይ ሲያወጣ ጉልበቱ ከዳው። ጥቅጥቅ ያለ የጥጥ ፍራሽ ነው። "ይህም ተጨመረ" አለ ለራሱ።

ጉዳዩ በዚህ ባለቀ ጥሩ ነበር። ታላቂቱ ግን በዚያ ጋቢና ዳግመኛ እንደማይሳፈሩ አስታወቁ። "መምጣቱን መጣሁ። የምመለሰው በቤት ነው።"

በማግስቱ ዶክተር ጎታቹን ይዞ ደረሰ፤ ቤቱም እንደገና ሚዛኑ ላይ ወጣ። "ውስጥ ያሉት ይውረዱ" አለ ባለሚዛኑ።

"ማንም አይወርድም!" ጮኸ ዶክተር። "አልጋውም ይቆይ፣ ፍራሹም ይቆይ፣ ኩባያው ውስጥ ያለው ሻይም ይቆይ!"

"ሴት ልጅን ሰው ፊት ይመዝናሉ?" አሉ ታላቂቱ ከመጋረጃው ኋላ።

"አይዞሽ እታለም፣ ከብፌው ጋር ደምረው ስለሆነ ማን ስንት እንደሆነ አይታወቅም" አለች ታናሺቱ።

ባለሚዛኑ ቁጥሩን ደጋግሞ አየ። "ያን ጊዜ ያመጣችሁት ሌላ ቤት ነበር እንዴ?"

"ያው ነው" አለ ጋሽ ፍሬን። "ያኔ ተወልውሎ ነበር።"

ባለ ስድስቱ ተገጠመ። ራዲያተሩም በትልቅ ተቀየረ። ዶክተር የመጀመሪያውን መታጠፊያ እስኪያልፉ ድረስ ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጥፎ አብሯቸው ተቀመጠ፤ ከዚያ ዓይኑን ገልጦ "ደህና ነው" አለና ወርዶ በእግሩ ተመለሰ። ሞተሩ አያዜምም ነበር፤ በወፍራም ድምፅ እያጉረመረመ፣ ሳይቸኩል ይጎትታል። እህትማማቾቹ ከኋላ አልጋው ላይ ተደላድለዋል፤ ታናሺቱ በመስኮቱ የሚታየውን ሁሉ እያነበበች ለታላቂቱ ትነግራለች። አሸዋ የጫነውን አህያ ሲያልፉት ጥሩምባ አስነፋችለት።

ከጫፉ ሊደርሱ ሲሉ፣ ነፋስ ያነሳው ሰማያዊ ፌስታል መንገዱ ላይ ብድግ አለ። የጋሽ ፍሬን እግር እንደ ልማዱ ወደ ፍሬኑ ሄደ። እግሩ ፍሬኑ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ አሰበ፤ ወደ ነዳጁ ተመለሰ።

"ቀስ በል፣ አንተ ሾፌር!" አሉ ታላቂቱ፤ ምንም ሳያዩ።

ፌስታሉ የመስታወቱ ጥግ ላይ ተለጥፎ ተራራውን አብሯቸው ወጣ።