ጠዋት ነጭ፣ ማታ ቀይ

የሆስፒታሉ ልብስ ሰፊ የራሷ ስም አላት፤ ሰው ሁሉ የሚጠራት ግን «እትዬ ለምን» እያለ ነው። ልጅ ሳለች ጥያቄ ስታበዛ እናቷ «ለምን ለምን ስትይ ለማኝ ሆነሽ እንዳትቀሪ!» ይሏት ነበር። ለማኝስ አልሆነችም። የተቀደደ አንሶላና የትራስ ልብስ እየጣፈች፣ የሰው እጅ ሳታይ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረች።

ክፍሏ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት። ወንበሩ አንድ ስለሆነ እሷ እስከ እኩለ ቀን ትሰፋና እዚያው ለምትሠራው ለወንድሟ ሚስት ትለቃለች። መስኮቱ ሥር ያለውን ተክል የተከሉት ሽማግሌው አትክልተኛ ናቸው። ጡረታ በሚወጡበት ሰሞን አንዲት ቅርንጫፍ አምጥተው ሰኩና «ስሙን እኔም አላውቀውም፤ ብቻ ውሃ አትንፈጊው» ብለዋት ሄዱ።

በሁለተኛው ዓመት አበበ፤ ከመስኮቱ በታች ስለሆነ ግን የሚታየው መስኮቱን ሲከፍቱና ሲዘጉ ብቻ ነው።

«አየሽልኝ አበባዬን?» አለቻት የወንድሟን ሚስት፣ ወንበር ሲቀያየሩ። «ንጣቱ እንደ አዲስ አንሶላ!»

«የምን ንጣት? ትናንት ማታ መስኮቱን ስዘጋ ያየሁት ቀይ ነው፤ ደም የመሰለ።»

«እየቀለድሽብኝ ነው?»

«ዓይንሽን ታከሚ እንጂ፤ ሐኪም ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ!»

በዚህ የተነሳ ሦስት ቀን ተኮራረፉ። በአራተኛው ቀን እትዬ ለምን የዕረፍት ቀኗ ሆኖ ሳለ ማልዳ መጣች። ገና የፈነዳ ነጭ አበባ መርጣ፣ ሰው እንዳይለውጥባት አንገቱ ላይ ክር አስራ፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። እስከ እኩለ ቀን ያው ነጭ ነው። ከሰዓት በኋላ ጠርዙ እንዳፈረች ልጃገረድ ጉንጭ ቀላ። የወንድሟ ሚስት የጀመረችውን የትራስ ልብስ እንደያዘች ወጥታ አጠገቧ ቆመች። ፀሐይ ስትጠልቅ አበባው ክሩ እንደታሰረበት ደም መስሎ ነበር።

«ለካ አልዋሸሽም» አለች እትዬ ለምን።

«ለካ አንቺም» አለች ያቺኛዋ፤ ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው።

ነገሩ ግን ለእትዬ ለምን አላለቀም። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ነጭ አበባ ቀጥፋ በሁለት ብርጭቆ ውሃ አደረገች። አንዱን መስኮቱ ላይ ትታ ሌላውን ይዛ ወደ ላቦራቶሪው ሄደች።

«ምን ሆኖብዎት ነው? የደም ዓይነቱን ልመርምርልዎት?» አላት የላቦራቶሪው ባለሙያ።

«ሳቅብኝ፤ ብቻ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥልኝ። የሚያቀላው ሙቀቱ ይሁን ሰዓቱ ልለይ ብዬ ነው። ጓደኛውን መስኮቱ ላይ ትቼዋለሁ።»

«ሁለት ማድረግን ማን አስተማረዎት?»

«ጨርቅ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ስሞክር አንዱን ጫፍ ብቻ ነው የማረጥበው። የምታስተያየው ከሌለህ በምን ታውቃለህ?»

ማታ የመስኮቱ አበባ ቀልቷል፤ የፍሪጁ ነጭ እንደሆነ ነው። ባለሙያው ሳቁን ተወ። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ እሱም ቀስ በቀስ ቀላ። ሰውዬው የተማሪነቱን መጽሐፍ ከቤቱ ፈልጎ አምጥቶ ቅጠሉን ከሥዕሉ ጋር ሲያስተያይ ሰነበተና ክፍሏ ድረስ መጥቶ «የባሚያና የጥጥ ዘመድ ነው» አላት።

እትዬ ለምን ጭኗ ላይ ያለውን አንሶላ ዳበሰች። ዕድሜዋን በሙሉ ጥጥ ስትሰፋ አበባውን አንድ ቀን አላየችም።

«የጥጥስ አበባ ቀለሙን ይለውጣል?»

«እሱን እኔም አላውቅም።»

የዓመት ፈቃዷ ሲደርስ የወንድሟን ሚስት ይዛ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ የጥጥ እርሻ ወረደች። ማሳው በአበባ ላይ ነበር። አረም የምትነቅል አንዲት ሴት ከአንዱ ተክል ላይ ሁለት አበባ አሳየቻቸው፤ አንዱ ነጣ ያለ፣ ሌላው ሮዝ።

«ነጩ ዛሬ የፈነዳ ነው፤ ሮዙ የትናንቱ። እኛ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ይሄን ብሎ ከከተማ የመጣ ሰው ግን አይቼ አላውቅም!»

እትዬ ለምን በመደዳዎቹ መካከል ቁጢጥ ብላ ነጩን ስታይ የመመለሻው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ።

«እስከ ነገ ብንቆይና ሲቀላ ብናየውስ?»

«ለወንድምሽ ማን ራት ያቀርብለታል?»

«እሱ እጅ የለውም እንዴ?»

የወንድሟ ሚስት መንገዱን አየች፤ ማሳውን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች።