ጠራጊዋ ሳትነሣ የተጠረገ ቤት

መስታወት የሚለውን ስም ያወጡላት የሆስፒታሉ ሰዎች ናቸው። እሷ የወለወለችው ኮሪደር ላይ ሐኪሞቹ ጎንበስ ብለው ክራባታቸውን ያስተካክሉ ነበር ይባላል። ቢጋነንም ጨርሶ ውሸት አይደለም። ያኔ ወለል ሲጸዳ ውሃው በባልዲ፣ ሳሙናው በእጅ፣ ጉልበቱ ከራስ ነበር። መስታወት የጽዳት ሠራተኞች አለቃ እስከ መሆን ደርሳ ጡረታ ወጣች። ስሟ ግን ጡረታ አልወጣም፤ እስከ ቤቷ ተከትሏት መጣ።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። ከባሏ ጋር ሆነው ቀስ እያሉ የሠሩት ነው፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ልጃቸው ከፍ ስትል ደግሞ ሁለተኛውን። ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች፤ ብቻ መሆኗን ግን እንደ ችግር ቆጥራው አታውቅም። ባሻት ሰዓት ትነሣለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ሬዲዮኑን ትከፍትና ከሬዲዮኑ ጋር ትከራከራለች። የሚያቋርጣት የለም።

ችግሩ የመጣው ከአልጋ ሥር ነው። አንድ ጠዋት በአጭሩ መጥረጊያ አልጋው ሥር ገብታ ስትጠርግ ጉልበቷ እምቢ አለ። መግባቱን ገብታለች፣ መውጣቱ አቃታት። ጎረቤቷ ከደጅ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ ገባ ቢል፣ ሁለት እግር ብቻ ከአልጋ ሥር ወጥቶ አየ።

«እዚያ ምን አለ እትዬ?» አላት።

«አቧራ» አለችው።

ሐኪሙ ጉልበቷን አገላብጦ አየና ከእንግዲህ መንበርከክ የሚባል ነገር የለም አለ። ልጇ ደግሞ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሐኪም ያለውን የምታስተላልፈው ጨምራበት ነው።

«እማ፣ ወይ መጥረጊያውን ትተያለሽ፣ ወይ እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ሌላ መንገድ የለም።»

የልጇ ቤት ክፉ ቤት አይደለም። ፎቅ ላይ ነው፣ የሞቀ ውሃ አለው፣ አማቿም ከወንበሩ ተነሥቶ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ቢሆንም የሷ ቤት አይደለም። እዚያ ሳሎን ጥግ ተቀምጣ «ተይው እማ፣ አረፍ በይ» እየተባለች ስትኖር ይታያታል። በገዛ መስኮቷ ማርጀት ነው የፈለገችው፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ልጅቱም ይህን ታውቃለች። አንድ እሁድ ሳጥን ታቅፋ መጣች። ከሳጥኑ የወጣው እንደ ትሪ ክብ፣ ጥቁር፣ ከሆዱ በታች ጎማና ብሩሽ ያለው ነገር ነው።

«ሮቦት ናት» አለች ልጅቱ።

መስታወት ሮቦት ሲባል ዓይኑ ቀይ የሚበራ፣ ቆሞ የሚሄድ ነገር ነበር የጠበቀችው። ዞር ዞር ብላ አየቻት።

«እጇስ?»

«እጅ የላትም እማ። ራሷ እየዞረች ትጠርጋለች። ሲደክማት ደግሞ ራሷ ሄዳ ከማስቀመጫዋ ላይ ባትሪዋን ትሞላለች።»

«ሲደክማት የምታርፍ ከሆነማ ከኔ ትሻላለች።»

ልጅቱ ሳቀችና ቁም ነገሩን ተናገረች። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንየው። አንቺ ሳትንበረከኪ ቤቱ ከጸዳ እዚሁ ትኖሪያለሽ፣ እኔም ሁለተኛ አላነሣውም። ከተንበረከክሽ ግን ክፍልሽ ተዘጋጅቷል።»

ሮቦቷ ስትነሣ በሴት ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች። ቋንቋው የሰው አገር ነው፤ ድምፁ ግን የተከበረች ሴትዮ እንግድነት መጥታ ስታመሰግን ይመስላል። መስታወት ከወንበሯ ብድግ አለች። ልጇ እጇን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።

መስታወት አዲስ ዕቃ የምትጠላ ሴት አይደለችም። ልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲመጣ በማሽኑ ክብ በር ፊት ወንበር አስጠግታ፣ የባሏን ሸሚዝ ሲገላበጥ እያየች እስኪያልቅ ተቀምጣለች። «ይህን የፈለሰፈው ሰው እናቱ አጣቢ ነበረች መሰለኝ፤ ነፍሷን ይማር» ነበር ያለችው። በስልክ ውስጥ የልጇን ፊት ስታይም ታመሰግናለች፤ ልጅቱ ምሳዋን መብላት አለመብላቷን ከጉንጯ ታውቃለችና። የማትወደው በሩን ሲከፍቱት የሚጮኸውን ማቀዝቀዣ ብቻ ነው። «በገዛ ወተቴ ሌባ ያደርገኛል» ትላለች።

ሮቦቷን ለማየት መጀመሪያ የመጣው ያው ጎረቤቷ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ወሬ እያወራ ድንገት ቀጥ ስለሚል ሰፈሩ ጋሽ ፍሬን ይለዋል። ሮቦቷ ግድግዳ ገጭታ ስትመለስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተመለከታት።

«አነዳዷ...» አለና ቀጥ አለ። መስታወት ጠበቀችው። «አነዳዷ የጀማሪ ነው። መንጃ ፈቃድ የሰጣት ማነው?»

«ተዋት፣ ትለምዳለች። ያንተስ ሰዓት እንዴት ሆነ?»

ጋሽ ፍሬን ልጁ የላከለት ሰዓት አለው፤ በቀን ስንት እንደተራመደ እየቆጠረ ለልጁ ይነግርበታል። ልጁም ማታ ማታ እየደወለ «አባዬ፣ ዛሬም ተቀምጠህ ዋልክ» ይለው ነበር። ሰውየው መሮት ሰዓቱን ለድመቱ አንገት አሰረላት።

«አሁንማ ኮራብኝ» አለ። «ክፋቱ ድመቷ ሌሊት ሌሊት ነው የምትሄደው። አባዬ፣ በዚያ ሰዓት የት ትሄዳለህ ብሎ አፋጠጠኝ።»

«ምን አልከው?»

«ልምምድ አልኩት። ምን ልበል?»

መስታወት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ይህ ሰውዬ ከአልጋ ሥር ጎትቶ ካወጣት ወዲህ፣ ሳትነግረው የምትመርቀው ሰው ነው።

እንግዲህ መስታወት የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። በሆስፒታሉ ሳለች አንድ ሥርዓት ነበራት። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጠር፣ መስታወት ከሁሉ ቀድማ ትገባና የከበደውን ማዕዘን ራሷ ታነሣላታለች። ከበር ጀርባ የተከማቸውን፣ ከአልጋ ሥር የተረሳውን ሁሉ። አዲሷ ልጅ ስትደርስ የሚቀራት ቀላሉ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ የቆረጠች ሠራተኛ ተመልሳ አትመጣም፤ መስታወት ይህን በስንቶቹ አይታለች። ብዙዎቹ ኋላ ጎበዝ ሆነው እስከ ዛሬ ስልክ ይደውሉላታል።

ታዲያ ይህችስ አዲስ ሠራተኛ አይደለች? በዚያ ላይ እጅ የላት፣ ቋንቋ አታውቅ፣ ግድግዳ ትገጫለች። መስታወት አላስቻላትም። ሮቦቷን ከማስነሣቷ በፊት ትራሷን መሬት ላይ ታነጥፍና በሱ ላይ ተንበርክካ፣ በአጭሩ መጥረጊያ ከአልጋ ሥር ያለውን ታወጣላታለች። ከቁም ሣጥን ጀርባ ያለውንም። ከዚያ የአልጋውን ብረት ይዛ እያቃሰተች ትነሣና ቁልፉን ትጫናለች። «በይ እንግዲህ፣ ቀላሉ ቀርቶልሻል።» ሮቦቷም አመስግና በንጹሕ ወለል ላይ ስትዞር ትውላለች።

ልጅቱ እሁድ መጥታ የሮቦቷን የአቧራ መያዣ ከፈተች። ባዶ ነው። በሚቀጥለውም እሁድ ከፈተች። ባዶ።

«እማ፣ ይቺ ነገር አትሠራም» አለች። «ልመልሳት ነው። እንዲያው ነው የደከምነው፣ ያሰብነው አልሆነም። ዕቃሽን ቀስ እያልን እንሰብስብ።»

መስታወት ደነገጠች። እውነቱን ብትናገር መንበርከኳ ይወጣል፤ ዝም ብትል ሮቦቷ ትሄዳለች። በሁለቱም በኩል መንገዱ የሚያደርሰው ልጇ ሳሎን ነው።

«አንድ እሁድ ታገሺኝ» አለቻት። «አዲስ ናት፣ ገና አልለመደችም።»

ልጅቱ እንደሄደች ወደ ጋሽ ፍሬን ቤት ነጎደች።

«ጋሼ፣ አቧራ አለህ?»

«ምን?»

«አቧራ። የኔ ቤት የለም።»

ሰውየው ቀጥ አለ። ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት። «እንደ ልብሽ እትዬ። ሶፋው ሥር ከኔ ዕድሜ ጋር እኩል የሆነ አለ።»

ምክንያቱን ስትነግረው ሳቁን ዋጠና ሶፋውን ራሱ ገፋላት፤ እሷ እንዳትጎነበስም ራሱ በወረቀት አፈሰላት። መስታወት ወረቀቱን እንደ ዱቄት በጥንቃቄ ይዛ መጥታ የሮቦቷን መያዣ ሞላችው። አቧራ ከደጅ ወደ ቤቷ ስታስገባ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ነውር እንደሠራ ሰው ግራ ቀኝ አየች።

እሁድ ደረሰ። ልጅቱ መያዣውን ከፈተች። በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አንድ ነገር አወጣችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ረጅም ብርቱካንማ ፀጉር ነው።

«እማ፣ ድመት የያዝሽው መቼ ነው?»

መስታወት ወደ ሬዲዮኑ አየች። ሬዲዮኑ አልረዳትም።

«የጋሽ ፍሬን ናት» አለች በመጨረሻ።

«ድመቷ እዚህ ትመጣለች?»

«አትመጣም። አቧራው ነው የመጣው።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ትራሱን፣ አጭሩን መጥረጊያ፣ አዲስ ሠራተኛ የምትያዝበትን ወግ። ልጅቱ ትቆጣለች ብላ ጠብቃ ነበር። ልጅቱ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየቻት።

«እማ፣ ላንቺ ነው ያመጣኋት። አንቺ ታገለግያታለሽ?»

«ማገልገል አይደለም። እንድትበረታ ነው።»

«እሷ አትደክምም፣ ተስፋም አትቆርጥም። ተስፋ የምትቆርጪው አንቺ ነሽ፣ ወይ እኔ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያን ቀን ጋሽ ፍሬን ባይመጣስ? እኔ ሥራ ቦታ ሆኜ ስልክ በጮኸ ቁጥር አንቺ ነሽ እያልኩ ነው የማነሣው። ከቤትሽ ላወጣሽ ስለፈለግሁ መሰለሽ?»

መስታወት ይህን አላሰበችም ነበር። ልጇ አለቃ ሆናባት ነበር የመሰላት፤ ፈርታ መሆኑን አሁን አየችው። አጭሩን መጥረጊያ ከበሩ ጀርባ አመጣችና በልጇ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ውሰጂው። እዚህ ካለ እጄ አርፎ አይቀመጥም።»

«እንግዲያው ተቀመጪና እንያት» አለች ልጅቱ። ከደጅ አፈር ዘግና መጥታ ወለሉ ላይ በተነችው። መስታወት ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሮቦቷ ተነሣች።

ከማየት መሥራት ይቀላታል። ሮቦቷ ማዕዘኑን ስታልፈው የመስታወት እጅ ወደ ጉልበቷ ሄደ፤ መልሳ ሰበሰበችው። ሮቦቷ ዞራ መጥታ ያለፈችውን ወሰደች። አልጋው ሥር ገባች፣ ድምፅዋ ራቀ፣ በሌላው በኩል ምንም እንዳልሆነች ወጣች። «እኔ እዚያ ገብቼ አልወጣሁም እኮ» አለች መስታወት፣ በልቧ እያመሰገነቻት።

ከዚያ ሮቦቷ ወደ ወንበሩ መጥታ የመስታወትን ጫማ ነካ አድርጋ ቆመች።

«እግርሽን አንሺላት» አለች ልጅቱ።

መስታወት ሁለት እግሯን አነሣች። ያኔ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ትዝ አላት። ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች እሷ መወልወያዋን ይዛ ስትደርስ እግራቸውን ያነሡላት ነበር፤ አንዳንዱ ሳያያት፣ አንዳንዱ «በርቺ» ብሎ። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላው ሲያነሣላት ኖራ፣ እሷ ለጠራጊ እግሯን ስታነሣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እግሯ አየር ላይ እንዳለ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ኀዘን ግን አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ነገር እስኪደርሳት መቆየቷ ደንቋት ነው።

ሮቦቷ በሥሯ አለፈችና ወደ ማስቀመጫዋ ሄዳ በዚያ በጨዋ ድምፅዋ ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች መስታወት።

«ጨረስኩ ነው የምትለው።»

«እግዜር ይስጥልኝ በያት። እኔ ቋንቋዋን አላውቅም።»

ልጅቱ በሳቅና በቁም ነገር መካከል ሆና ወደ ሮቦቷ ጎንበስ ብላ የእናቷን ምስጋና አደረሰች። ከዚያ አጭሩን መጥረጊያ በብብቷ ይዛ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«ያዘጋጀሁልሽን ክፍል ልብስ ማድረቂያ አደርገዋለሁ።»

«ጥሩ አደረግሽ» አለች መስታወት። መስኮቷን ከፍታ፣ ልጇ መጥረጊያዋን እንደያዘች የመንገዱን ጥግ እስክትዞር ድረስ ቆማ አየቻት።