በቅርቡ ዳግም እንገናኛለን ያለው ድንኳን

ፈሪድ የደሴ ሰው ነው፤ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ያከራያል። ሥራው የተከበረ ነው። ሰው ሲዳር ይጠራል፣ ሰው ሲሞት ይጠራል፤ በመካከል ያለውን ኑሮ ግን ማንም ድንኳን ጥሎ አያከብረውምና ፈሪድ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እጁን ያጣጠፈ ነጋዴ ደግሞ ለሁለት ነገር ይጋለጣል፦ ለጫትና ለሥልጠና። ጫቱን ፈሪድ ከድሮም ይችለዋል። የጣለው ሥልጠናው ነው።

ሥልጠናው የተሰጠው ደሴ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። አሠልጣኙ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ነበር። «ድርጅት የሚያድገው አዲስ ደንበኛ በማሳደድ አይደለም!» አለ። «የመጣው ተመልሶ እንዲመጣ በማድረግ ነው!» ፈሪድ ከሁሉም ቀድሞ አጨበጨበ። ሲወጣም የነጋዴነት ዘመኑ አብቅቶ የሥራ አስኪያጅነት ዘመኑ መባቱን ለሚስቱ ለኡሙሰልማ በስልክ አበሠራት።

«ደግ» አለችው። «ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ሽንኩርት ይዞ ይምጣ።»

እርግጥ ሰውየው ወዶ አልሠለጠነም። ኮምቦልቻ ላይ ገበየሁ የሚባል ተፎካካሪ ተነሥቶበታል። ገበየሁ አዲስ አይሱዙ አለው፤ ወንበሮቹም እንደ ጥርሱ ነጭ ናቸው። በዚያ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞቹ ቅሬ፣ ማለትም የሞተውን የሚቀብረውና በደስታም የሚቆመው ማኅበር፣ ከሁለቱ አንዱን ቋሚ አከራዩ አድርጎ ሊመርጥ ነው። ቅሬውን ያጣ ኮምቦልቻን ያጣል፤ ኮምቦልቻን ያጣ ደግሞ የደሴን ጉም እያየ ያረጃል።

ስለዚህ ፈሪድ ስልት ነደፈ። ቀይ ቀለም ገዛና በድንኳኖቹ ሁሉ ጎን ላይ፣ ክንድ በሚያህል ፊደል እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «በቅርቡ ዳግም እንገናኛለን! ፈሪድ ድንኳን ኪራይ።»

መጀመሪያ ሐርቡ ከተማ ላይ ለሠርግ ተተከለ። ሚዜዎቹ አነበቡት። «አቦ፣ ሁለተኛዋንም አጭቶልህ ነው እንዴ ሰውየው?» እያሉ በሙሽራው ሲስቁበት ዋሉ። የሙሽራዋ አባት ግን አልሳቁም። ፈሪድ ሳቁን በሩቁ ሰምቶ ስልቱ የሠራ መሰለው። በራሱ የረካ ሰው ጆሮ ያጨበጨበለትንና ያላገጠበትን አይለይም፤ ይህ የማይታበል ሐቅ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከኮምቦልቻ ተደወለ። የቅሬው አባል የነበሩት ጋሽ ዘይኑልአቢዲን አርፈዋል፤ የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ ጋሽ አምባዬ ድንኳን ፈልገዋል። ፈሪድ ምርጫው በዚህ ለቅሶ እንደሚወሰን ገብቶታል። ቁልቁል በረረ፣ ተከለ፣ ወንበር ደረደረ። ለቀስተኛው መጣ፣ ቀና አለ፣ አነበበ። በቅርቡ ዳግም እንገናኛለን!

ጋሽ አምባዬ ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት።

«አንተ፣ በቅርቡ የምትገናኘው ከማን ጋር ነው?»

«ከደንበኞቻችን ጋር ነዋ ጋሼ። ደንበኛ የማቆያ ስልት ነው።»

«ተረኛውም ተነግሮሃል በለኛ! እኔ ደም ግፊት አለብኝ፤ ዓይንህን ከእኔ ላይ አንሣ!»

ገበየሁም ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ከኋላቸው ቆሟል። «አይፍረዱበት ጋሼ» አለ፣ ነጠላውን አፉ ላይ እንዳደረገ። «ከመልአከ ሞት ጋር ሽርክና ገብቶ ነው።»

ፈሪድ ወደ ድንኳኑ ሮጠ። ሥራ አስኪያጅ በችግር ጊዜ ፈጥኖ ይወስናል ተብሎ ተምሯልና ፈጥኖ ወሰነ። «ድንኳኑን ገልብጡት!» አለ። ጎረምሶቹ ገለበጡት፤ ውጪው ውስጥ ሆነ። ጽሑፉ ከመንገድ ጠፋ። ጠፍቶ ወዴት እንደሚሄድ ግን ሥራ አስኪያጁ አላሰበበትም። ለቀስተኛው ገብቶ ሲቀመጥ ቀዩ ፊደል ከፊት ለፊቱ ተገትሮ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ቅድም የሚያነበው አላፊ አግዳሚው ነበር፤ አሁን ቁርአን የሚቀሩት ሸኽም አንብበውታል።

የሟች ሚስት እትዬ ሱሀይላ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። ፈሪድ ሄዶ እግራቸው ሥር ተደፋ።

«እትዬ፣ ወላሂ ለክፋት አይደለም! አብሽሩ፣ አይዞዎት፤ አብሽሩ እትዬ!»

እትዬ ሱሀይላ ቀና ብለው ጽሑፉን አነበቡ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ለቅሶ መስሏቸው ሊደግፏቸው ተነሡ። ሳቅ ነበር።

«ወይኔ ዘይኑ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዕድሜ ልክህን በሰው ስትቀልድ ኖረህ፣ ዋናው ቀልድ በራስህ ቀን ያምልጥህ? ፋብሪካ ሲሄድ እኮ ሁልጊዜ የሚለኝ ይህንኑ ነበር። በቅርቡ ዳግም እንገናኛለን ይለኛል፤ ከዚያ ሲመሽ ይመጣል። አሁን ደግሞ ወደ እሱ የመሄዱ ተራ የእኔ ነው፤ ቀጠሮውም ይኸው ተጽፏል!»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻል! ሸኹ ፊታቸውን በጥምጣማቸው ሸፈኑ፤ ጋሽ አምባዬ ግፊታቸውን ረስተው ምሰሶ ተደግፈው ተንፈቀፈቁ። ገበየሁ ብቻ ነጠላውን ከአፉ አላወረደም፤ እሱም ቢሆን ከሥሩ ሳይስቅ አልቀረም።

«ለሌላው ሰው ግን ይህን ደምስስ» አሉት እትዬ ሱሀይላ። «አሁን ያልከኝን ጻፍበት።»

«ምን አልኩ?»

«አብሽሩ ነዋ! ያዘነው አብሽር ይባላል፣ የታመመው አብሽር ይባላል። የእኔማ ሰው በሠርጋችን ቀን ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አብሽር ያልኩት እኔው ነኝ።»

ፈሪድ የድሮውን ጽሑፍ በቀለም ሸፍኖ «አብሽሩ» ብሎ ጻፈበት፤ ቅሬውም ተሰበሰበና ፈሪድን መረጠ። ገበየሁ ተቆጣ። «ስሕተት ይሸለማል እንዴ?» ቢል ጋሽ አምባዬ፣ «ወንበርህስ ነጭ ነው ልጄ» አሉት። «ነጭ ወንበር ግን ሱሀይላን አላሳቀም።» ፈሪድ ዛሬ በየሥልጠናው እየተነሣ ነገሩ ሁሉ በጥናት የተደረገ መሆኑን ያስረዳል፤ ከረባት ያሰሩትም ይጽፋሉ።

በቀደም ገበየሁ ራሱ ደሴ፣ ፈሪድ ቤት ድረስ መጣ። ልጁን መሲን ደሴ ላይ ሊድር ነው፤ የራሱ ድንኳን አልበቃውም።

«አብሽሩ የሚለውን አምጣልኝ» አለ፣ ኩራቱን እየዋጠ።

«በደስታ! ብቻ ፀሐይ ሲያርፍበት የድሮው ጽሑፍ ከሥር ብቅ ይላል።»

«በቅርቡ ዳግም የሚለው? ኧረ በናትህ! ልጄን ልድር እንጂ ተመልሳ እንድትመጣብኝ ነው?»

ኡሙሰልማ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አብሽሩ ጋሽ ገበየሁ፤ ሠርጉ ደሴ አይደል? እዚህ ጉም ውስጥ ፀሐይ ማን አይቶ!»