ሞቀህ?

ሰፈሩ «መቀስ» ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ምላሱም ይቆርጣል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ፀጉሩን ብቻ ሳይሆን ኩራቱንም ተከርክሞ ነው የሚነሳው። እንዲህ ቆሞ ሲቀልድ ይውልና ሲመሽ ቤቱ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ይላል። ያኔ ሚስቱ ዝቅ ብላ ጫማውን ታወልቅና እግሩን በቅባት ታሸዋለች።

ሴትዮዋ ምላሷ እሬት ነው። «አንተ ሰውዬ» ከማለት ሌላ የቁልምጫ ስም አታውቅም። ፍቅሯ ሁሉ እጇ ላይ ነው። እያሸች ቀና ትልና «ደስ ይላል?» ትለዋለች። «ነፍሴ መለስ አለች፣ እጅሽ ይባረክ» ሲላት ፊቷ ፈካ ይላል። ከዚያች ሰዓት ውጪ ሲፈካ ያየ ሰው የለም።

ታዲያ ያለበት የስኳር በሽታ ቀስ በቀስ እግሩን አደነዘዘው። ብታሸው ባታሸው መለየት ተሳነው። «አይሰማኝም» ማለት አንድ ቃል ነው፤ ያን ሁሉ ሰው በነገር የሚሸልት ምላስ እቺን አንድ ቃል ማውጣት አቃተው። «ነፍሴ መለስ አለች» ማለቱን ቀጠለ።

አንድ ቀን ካልሲውን ስታወልቅ በደም ርሶ አገኘችው። ጫማው ውስጥ የምላጭ ስባሪ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲረግጠው ውሏል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ አላመመህም?»

«ደንበኛ በዝቶብኝ ልብ አላልኩትም።»

ቁስሉ አልድን አለ። ሆስፒታል ሲሄዱ ሲስተሯ ሚስቱን ውጪ አስቀምጣ፣ ውስጥ እግሩን በቀጭን ክር እየነካካች መረመረችው። አንዱም አልተሰማውም።

«በእናትሽ ሲስተር፣ ውጪ ላለችው ሴትዮ እንዳትነግሪብኝ።»

«እንግዲያው ራስዎ ይንገሯት ጋሼ። ማወቅ አለባት።»

«እሺ» አለ። አልነገራትም።

ቁስሉ በታጠበ ቁጥር ቀይ ብርሃን የሚረጭ መሣሪያ ያበሩበት ጀመር። መቀስ «ልኳንዳ ቤት እንደተሰቀለ ሙዳ ቀይ መብራት አበሩብኝ» እያለ ተራ የሚጠብቁትን በሽተኞች ያስቃል። ሚስቱ ግን አትስቅም፤ አጠገቡ ቆማ ቁስሉን ታያለች። እየጠበበ፣ ዳር ዳሩም ሮዝ ሥጋ እያወጣ መጣ። ይሄ እግር ሊተርፍ ነው ብላ ማመን የጀመረችው ያኔ ነው።

ምን ያደርጋል፣ መሣሪያው ተበላሸ። ሲስተሯ መለዋወጫ እስኪመጣ ቁስሉ ታሽጎ ይቆይ አለች። ሚስቱ ቁጭ ብላ መጠበቅ አልቻለችም። ገበያ ወርዳ ጫጩት የሚሞቅበትን ቀይ አምፖል ገዝታ መጣች። ያም ቀይ፣ ይሄም ቀይ! የሆስፒታሉ ብርሃን ሙቀት እንደሌለው በምን ታውቃለች?

እሁድ ከሰዓት ፋሻውን ፈታ አምፖሉን እግሩ ሥር ደገነችው።

«ጫጩት አደረግሽኝ እኮ! ነገ ጭው ጭው ብል እንዳይገርምሽ።»

«አፍህን ዝጋ። ሞቀህ?»

«ሞቀኝ።»

«በዛ እንዴ? ላርቀው?»

«ኧረ ተይው። ለስለስ ያለ ነው፣ ደስ ይላል።»

ፊቷ ፈካ አለ። ልብስ ልታሰጣ ወጣች፤ እሱንም እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። የነቃው በጩኸቷ ነው። ሽታው ግቢ ድረስ ወጥቶ ነበር።

ቃጠሎው መረቀዘ፣ አጥንት ድረስ ገባ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ እህል በአፏ አልዞር አለ። ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ በገዛ እጄ» ትለዋለች። መቀስ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። አልሞቀኝም ነበር።»

«ምን?»

«እግሬ አይሰማኝም። ከምላጩም በፊት፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ።»

ሸክሟን ያወረደላት መስሎት ነበር። እሷ ግን እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው።

«ታዲያ ማታ ማታ ሳሽህ?»

በጣቱ የግድግዳውን ቀለም መፋቅ ጀመረ።

«ነፍሴ መለስ አለች ስትለኝስ?»

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።»

አለቀሰች። ለተቆረጠው እግር እንዲህ አላለቀሰችም። ሲበቃት አፍንጫዋን በነጠላ ጠረገችና ወንበሯን ወደ አልጋው ግርጌ ሳበች።

«ይሄኛውስ?» አለችው።

«የቱ?» አለ፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል።

በብርድ ልብሱ ሥር የቀረውን እግሩን በሁለት እጇ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ ጨምቃ ይዛው ነበር።