ይቅርታ የማይሉት ተማሪ

የዕብራይስጥ ጀማሪዎች በሚማሩበት ክፍል፣ ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሴትዮ ስድሳን ከተሻገሩ ሰንበትበት ብለዋል። ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን በመሐረባቸው ይጠርጉታል፤ ሲነሡም ይጠርጉታል። የካፖርታቸው አንድ ቁልፍ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። ሳሙና የበላውን ጣታቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እየጎተቱ ሲያነቡ፣ መሳቅ የሚዳዳውን ሁሉ ወጣቷ መምህርት በዓይኗ ትገሥጽላቸዋለች።

ዛሬ ግን ራሷም ልትቆጣ ምንም አልቀራት። ፈተናው መንገደኛ ሆኖ የእንግዳ ማረፊያ በር ላይ መነጋገር ነው፤ የወደቀ ወደሚቀጥለው ክፍል አይሻገርም። ንግግሩ የሚጀምረው «ስሊኻ»፣ ማለትም «ይቅርታ» በሚለው ቃል ነው። ሴትዮዋ ሦስቴ ዘለሉት።

«እማማ፣ ይወድቃሉ እኮ! መንገደኛ እንዲህ ነው የሚለው።»

«ልውደቃ! አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ ላጥብ ብዬ የሰው በር ሳንኳኳ ስለው የኖርኩት ቃል ነው፤ ጠግቤዋለሁ። አሁን የምሄደው እስራኤል፣ ልጄ ዘንድ ነው። የልጄን በር ይቅርታ ብዬ አላንኳኳም።»

«እኚህስ ጉድ ናቸው!» አለ አንዱ ከኋላ። ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም።

መምህርቷ ጠመኔዋን አነሣች። «ታዲያ በሩ ሲከፈት ምን ሊሉ ነው?»

«መጣሁ።»

ይህ መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም። መምህርቷ ቃሉን በዕብራይስጥ ሰሌዳው ላይ ጻፈችላቸው። ሴትዮዋ ተነሥተው ካፖርታቸውን ቆለፉና መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አነበቡት።

መምህርቷ በስማቸው ትይዩ «አልፈዋል» ብላ ጽፋ ቀና ስትል፣ ወንበሩን ሳይጠርጉት ወጥተዋል።