በተቀደደ ስፒከር የተሰማ መዝሙር

ባለፈው እሑድ፣ ሆሳዕና ውስጥ ከቤቴ አጠገብ በተሠራው አዲስ የጸሎት አዳራሽ፣ ወጣቶቹ የጊታሩን ገመድ አምፕሊፋየሩ ላይ ሲሰኩት «ጥዝዝ» የሚል ድምፅ ተሰማ። መዝሙሩ ገና አልተጀመረም ነበር። ያ ጥዝታ ብቻውን የጋለ አቧራና የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ አመጣብኝ። ዛሬ በዚህ ከተማ ኤሌክትሪክ ጊታር የሌለው የዘማሪዎች ቡድን ማግኘት ያስቸግራል። ወንድሜ በዚሁ ድምፅ ምክንያት ምን እንደደረሰበት የሚያውቅ ግን ከእኔ ሌላ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ ማቅረብ ሥራዬ ነበር፤ በሥራዬም አላፍርም። ይህንንም በዚያው ልማዴ እተርካለሁ።

ወንድሜ ታላቄ ነው። አባታችን ልብስ ሰፊ፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበር። ወንድሜ ጊታር የለመደው በመዘምራን ቡድኑ ውስጥ ነው። ሌላውን አጨዋወት ያስተማረው ግን አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ከነቴፑ የተወለት ካሴት ነበር። በሽፋኑ ላይ ጎፈሬያቸውን ያበጠሩ ጥቁር ወጣቶች ጊታር አንግተው ቆመዋል። በውስጡ ያለው ሙዚቃ የሚጮህ፣ የሚያጉረመርም፣ ድንገት ደግሞ እንደ ሰው የሚያቃስት ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ እየገባች፣ ወንድሜ ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጥፎ ይሰማ ነበር።

«ሮክን የነጭ ሙዚቃ ነው ይላሉ» አለኝ አንድ ቀን። «ውሸት ነው። የጀመሩት ጥቁሮች ናቸው፤ ተሸጠው የተወሰዱ ሰዎች ልጆች።»

«ታዲያ አንተን ምን አገባህ?»

«ክፍል ውስጥ አፌን ስከፍት የሚሆነውን ታውቂያለሽ።»

አውቅ ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተሹመው የመጡ ሰዎች ልጆች አማርኛውን እየደገሙ ይስቁበት ነበር፤ እኛ ሀዲያዎች ድሮ የምንሰደብበትንም ስም ጨምረው ይጠሩት ነበር። «ጊታር ስጫወት ግን አነጋገሬን የሚያርመኝ የለም» አለ። ከዚያ አንዱን ክር በጣቱ ገፍቶ ድምፁን አጎበጠው። «ስሚ። እናቶቻችን ለቅሶ ላይ ድምፃቸውን እንዲህ አይደል የሚጎትቱት?»

እውነቱን ነበር። ልክ እንደዚያ ነበር።

አባታችን ግን ከደጅ ሲገባ ያንን ድምፅ ከሰማ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተመልሶ ይወጣ ነበር። ወንድሜ ከዓለም ሁሉ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ አባታችን አንድ ቀን እንዲሰማው።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያናችን በቀበሌው ተዘጋ። የዘማሪዎቹን ዕቃ፣ ጊታሩንም ጨምረው፣ ለኪነት ቡድናቸው ሲወስዱ አምፕሊፋየሩን መኪና ላይ ወረወሩት፤ ስፒከሩም ተቀደደ። እኛ በየቤቱ ተሰብስበን በሹክሹክታ መጸለይ ጀመርን። ወንድሜ ጊታሩን ተከትሎ ወደ ቀበሌው የኪነት ቡድን ሄደ። የቀበሌው ሊቀመንበር የሚጫወተውን ሰምቶ «ይኼ የከበርቴ ጩኸት ነው» ቢለው፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ የጭቁን ጥቁሮች ጩኸት ነው። ባርነትን ያዩ ሰዎች ልጆች ናቸው የፈጠሩት» ብሎ ተከራከረው። ሊቀመንበሩ ሳቀ። «እንግዲያው ጭቁን ከሆነ ለአብዮት በዓል ይጩህልና!»

ጊታሩ በዚህ ክርክር ወደ እጁ ተመለሰ። አባታችን ወሬው ሲደርሰው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አላለም፤ እየሰፋ «ለዚህ ከሚሆን ያ እጅህ በደረቀ» አለው።

በበዓሉ ቀን እያንዳንዱ አባወራ በቀበሌው አዳራሽ እንዲገኝ ታዘዘ። እኔ ከተማሪዎች ጋር ደጅ ሆኜ በመስኮት አይ ነበር። ጄኔሬተሩ ያገሳል፤ የቆርቆሮው ሙቀት ሰውን በላብ አጥምቆታል። ወንድሜ ክሩን ሲመታ የተቀደደው ስፒከር አጉረመረመ፤ ካሴቱ ውስጥ ያለው ድምፅ ራሱ መጣ! ወጣቶቹ አጨበጨቡ። አንዱ የነጋዴ ልጅ «ወይ ጉድ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ፈረንጅ ሆነላችሁ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹም በሳቅ ሞላ።

የበዓሉን መዝሙር ሲጨርስ ወንድሜ አንገቱን ደፋ። በዚያ ሁሉ ጉርምርምታ ውስጥ ሌላ ዜማ ማስገባት ጀመረ፤ የቤተ ክርስቲያናችንን የምስጋና መዝሙር ነበር። ድምፁን አጉብጦታል፣ አንዳንዱን ቦታ እንደ ለቅሶ ጎትቶታል፤ አባታችን ብቻ እንጂ ማንም አይለየውም ብሎ አስቧል። ያ መዝሙር ግን በእኛ ዘንድ ተቀምጦ የተዘመረበት ቀን የለም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ መቆም ተምረናል። ወንድሜ ያላሰበው ይህንን ነበር፤ ጉልበታችን ከጭንቅላታችን በፊት ዜማውን ማወቁን።

መጀመሪያ አባታችን ተነሣ። ቀጥሎ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ከጎናቸው ሌላው፣ እዚህም እዚያም። ያደረጉትን ያወቁት እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ነበር።

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። «አሃ! ዘጋነው ስንል ቤተ ክርስቲያኑ እዚህ ኖሯል ለካ!» አለ። አንዳንዶቹ ለመቀመጥ ጎንበስ አሉ። «ማንም እንዳይቀመጥ! ቆማችኋል አይደል? እንግዲህ ጨፍሩ።» ወደ ወንድሜም ዞረ። «አንተ ምታው። ካቆምክ የአባትህን ጥርስ ከወለሉ ትለቅማለህ።»

ወንድሜ መታው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እያለቀሱ እግራቸውን ማንሣት ጀመሩ። «አይዞዎት አባቴ፣ ወገብዎን ፈታ!» ይላል አንዱ፤ ሰዉ ይስቃል። አባታችን እጁን አጣምሮ ቆመ። አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠጋ ብሎ በጠመንጃው ሰደፍ ከአፉ ላይ መታው። አፉ በደም ተሞላ፤ አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ጊታሩም አላቆመም። ቢያቆም ሌላ ሰደፍ እንደሚከተል ወንድሜ ያውቃል፤ ሌላው ሰው ያየው ግን አባቱ ሲደበደብ የሚጫወት ልጅ ነበር።

የቆሙት ሁሉ ታሠሩ። አባታችን የተፈታው ውስጥ እግሩ በግርፋት ቆስሎ፣ የፊት ጥርሶቹን አጥቶ ነው። በተመለሰበት ሳምንት ምእመናኑ በእኛ ቤት በምሥጢር ተሰበሰቡ። «ልጁ ሆን ብሎ አሳልፎ ሰጠን» አሉ፤ «ደመወዙን ከቀበሌ ይቀበል» ያለም ነበር። በሥርዓታችን ያጠፋ ሰው ከኅብረት የሚታገደው በጉባኤ ፊት ቆሞ ነው፤ እገዳው የሚነሣለትም ራሱ ተመልሶ ቆሞ ንስሐ ሲገባ ብቻ ነው። የእገዳውን ቃል እንዲናገር ሽማግሌዎቹ አባታችንን አዘዙት፤ እሱም ተናገረ።

ወንድሜ ቃሉ እስኪያልቅ መሬት መሬት እያየ ቆየና፣ «አባባ፣ አንተ እንድትሰማው ብዬ ነበር እኮ» አለ።

አባታችን የፊት ጥርስ በሌለው አፉ «ሰማሁት» አለ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ማዕድ አልቀረቡም። ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሰዎች ለውትድርና ወጣት ሲያፍሱ ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። «ጊታር የያዘ እጅ ጠመንጃም ይይዛል» አለው ሊቀመንበሩ እናታችን ፊት። አባታችን ስፌት መኪናው ላይ ነበር፤ ፔዳሉን መርገጥ አላቆመም። እናታችን እየጮኸች እስከ መንገዱ ተከተለች። ወንድሜ አልተመለሰም። መሞቱንም የነገረን የለም።

መንግሥት ተለውጦ ቤተ ክርስቲያናችን ሲከፈት፣ አባታችን የልጁ እገዳ እንዲነሣ ሽማግሌዎቹን ጠየቀ። «ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፤ ራሱ መጥቶ ይቁም» አሉት። በሌላ ሰው ጊዜ ይህንኑ መልስ ብዙ ጊዜ የሰጠው እሱ ራሱ ነበርና አልተከራከረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ መዝሙር ሲዘመር አባታችን አይቆምም ነበር። ጉባኤው ሁሉ ሲነሣ እሱ ብቻውን ይቀመጣል። አንድ ወጣት አገልጋይ ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል? ልደግፍዎት?» ቢለው፣ «አዎ ልጄ፣ ጉልበቴ ነው» አለ። ጉልበቱ ደህና ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ መኪናውን በእግሩ ይረግጥ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት አንድ እሑድ፣ ያ መዝሙር ተጀምሮ እኔ ከአጠገቡ ልነሣ ስል የእጄን አንጓ ያዘ። ጣቶቹ በመርፌ የደነደኑ ነበሩ።

«አንቺም ተቀመጪ» አለኝ። «እንስማለት።»